ሁለቱ የአንጎል ክፍሎች የምናየውን እንዴት ይካፈሉታል?

ብዙ ሰው የግራ ዓይን ለቀኝ አንጎል፣ የቀኝ ዓይን ደግሞ ለግራ አንጎል የሚያገለግል ይመስለዋል። የሰውነታችን ግራ ጎን በቀኝ አንጎል፣ ቀኝ ጎናችን ደግሞ በግራ አንጎል እንደሚታዘዝ ሁላችንም ስለሰማን፣ ዓይንም ያንኑ ሥርዓት ይከተላል ብሎ መገመት አያስገርምም። እውነታው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ልዩነቱም ለሐኪሞች ብቻ የሚተው አይደለም፤ በስትሮክ የተጎዳ ወላጅ ወይም ዘመድ በቤቱ ያለ ሰው የታማሚውን ሁኔታ በትክክል የሚረዳው ይህን ነገር ሲያውቅ ነውና። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ጀምሬ ለመጻፍ ወሰንኩ።

ፊት ለፊታችን ባለ አንድ ነጥብ ላይ ዓይናችንን ተክለን ስንቆም፣ የምናየው ስፍራ ሁሉ በዚያ ነጥብ ላይ በሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር ለሁለት የተከፈለ አድርገን እናስብ። ከመስመሩ በስተግራ ያለው የግራ የእይታ መስክ፣ በስተቀኝ ያለው ደግሞ የቀኝ የእይታ መስክ ይባላል። ዳር ላይ ካለው ጠባብ ክፍል በስተቀር ሁለቱም ዓይኖች ሁለቱንም መስኮች ያያሉ፤ አንድ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ግማሹ ዓለም የማይጠፋበትም በዚህ ምክንያት ነው። ብርሃን ወደ ዓይን ሲገባ ምስሉ ስለሚገለበጥ ከግራ መስክ የመጣው በሁለቱም ዓይኖች ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ግድግዳ) ቀኝ ግማሽ ላይ፣ ከቀኝ መስክ የመጣው ደግሞ በግራ ግማሻቸው ላይ ያርፋል። ከእያንዳንዱ ዓይን አንድ ሚሊዮን ያህል የነርቭ ክሮች ወደ አንጎል ይጓዛሉ። ክሮቹ ከአንጎል ሥር ኦፕቲክ ካያዝም ከሚባለው መገናኛ ሲደርሱ፣ ከሬቲናው በአፍንጫ በኩል ካለው ግማሽ የተነሡት ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገራሉ፤ በጆሮ ግንድ በኩል ካለው ግማሽ የተነሡት ግን ሳይሻገሩ በመጡበት ጎን ይቀጥላሉ። ከመገናኛው በኋላ እንግዲህ በግራ መስክ ያለው ነገር ሁሉ፣ በየትኛውም ዓይን ይታይ፣ ወደ ቀኝ ንፍቀ አንጎል፣ ማለትም ወደ አንጎል ቀኝ ግማሽ፣ ያመራል፤ በቀኝ መስክ ያለውም እንዲሁ ወደ ግራው። የተከፈለው በዙሪያችን ያለው ስፍራ ነው እንጂ ዓይኖቻችን ተከፋፍለው ለየአንጎሉ አልተመደቡም።

መልእክቱ ከዚያ በኋላ ታላመስ በሚባለው የአንጎል ውስጠኛ ክፍል በሚገኝ ስድስት ንብርብር ባለው ትንሽ ጣቢያ ያልፋል። በዚህ ጣቢያ ውስጥ ከሁለቱ ዓይኖች የመጣው መረጃ ገና በየንብርብሩ ተለያይቶ ይቀመጣል። ሁለቱ መገናኘት የሚጀምሩት ከጭንቅላታችን በስተኋላ፣ ከማጅራት በላይ ባለው የአንጎል ቅርፊት ውስጥ ነው፤ እዚያ የሚገኙ ብዙ የነርቭ ሕዋሳት ከሁለቱም ዓይኖች ለሚመጣ መልእክት ምላሽ ይሰጣሉ። ይህን ሥርዓት በድመቶችና በዝንጀሮዎች ላይ ባደረጉት ጥናት በዝርዝር ያሳዩት ዴቪድ ሂዩበልና ቶርስተን ዊዝል ናቸው።

የዚህ የኋላ ክፍል ካርታ በሰው ላይ የተሠራበት መንገድ ግን አሳዛኝ ነው፤ ዕውቀቱ የተገኘው ከጦር ሜዳ ነበር። በሩሲያና በጃፓን ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1905፣ ጥቅም ላይ የዋሉት ጠመንጃዎች ትንሽና እጅግ ፈጣን ጥይት ይተኩሱ ስለነበር አንዳንድ ወታደሮች ጭንቅላታቸው ከዳር እስከ ዳር ተበስቶ እንኳ በሕይወት ይተርፉ ነበር። ታትሱጂ ኢኖዬ የተባለ ወጣት ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም የእነዚህን ቁስለኞች የእይታ ጉዳት መርምሮ ለጡረታ አበል የሚሆን ግምት እንዲያቀርብ ተመደበ። እርሱ ግን በዚያ አልተወሰነም፤ ጥይቱ የገባበትንና የወጣበትን ቀዳዳ ለክቶ፣ በመካከሉ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደተመታ አስልቶ፣ ወታደሩ ማየት ከተሳነው የስፍራ ክፍል ጋር አነጻጸረ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1909 አሳተመ። ዓይናችንን የምንተክልበት የመሃል ነጥብ ትንሽ ሆኖ ሳለ በአንጎል ቅርፊት ላይ ሰፊ ቦታ እንደሚይዝ ከሥራው ተረዳን። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ትውልደ አየርላንዳዊው የነርቭ ሐኪም ጎርደን ሆምስ ተመሳሳይ ቁስለኞችን መርምሮ ካርታውን ይበልጥ አጠራው። የአንድ ጽሕፈት ቤት የአበል ሥራ ወደ እንዲህ ያለ ግኝት ማደጉ እስካሁን ያስደንቀኛል፤ ስለ ኢኖዬ በብዛት አለመነገሩም ያሳዝነኛል።

ይህ ሁሉ ወደ ቤታችን የገባው በአክስቴ በኩል ነው። ስትሮክ ካገኛቸው በኋላ እጅና እግራቸው ቶሎ ተሻላቸው፤ ሆኖም በበር ሲያልፉ ግራ ትከሻቸው ከመቃኑ ጋር ይጋጭ ነበር፤ በግራቸው የተቀመጠ የውሃ ብርጭቆም አይታያቸውም። «የግራ ዓይኔ ደክሟል፣ መነጽር ይሻላል» ይሉ ነበር፤ እኛም ይህንኑ አምነን ወደ ሐኪም ወሰድናቸው። ሐኪሙ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ «እማማ፣ አፍንጫዬን ብቻ ይመልከቱ» አላቸውና በመጀመሪያ ግራ ዓይናቸውን፣ ቀጥሎ ቀኝ ዓይናቸውን እየሸፈነ ጣቱን ከዚህም ከዚያም አንቀሳቀሰ። ደህና ነው በሚሉት በቀኝ ዓይናቸው ብቻ ሲያዩም በግራ በኩል የሚንቀሳቀሰው ጣት አልታያቸውም። የዓይናቸው ጤንነት የተሟላ ነበር፤ የተጎዳው በቀኝ ንፍቀ አንጎል የኋላ ክፍል ያለው የእይታ ቦታ ነበር። ሕክምናው ይህን ሄሚያኖፕያ ይለዋል፤ በሁለቱም ዓይኖች አንድ ዓይነት ግማሽ ሲጠፋ ማለት ነው። መነጽር ለዚህ አይረዳም። አንድ ዓይንን እየሸፈኑ መፈተሽ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ምርመራ በመሆኑ ቤተሰቦች ሁሉ ቢያውቁት እመኛለሁ፤ በቤት የታየው ነገር ግን ለሐኪም መነገሩ የግድ ነው።

እንግዲህ ግማሹ ስፍራ ለአንዱ፣ ግማሹም ለሌላው ከደረሰ፣ ዓለም አንድ ሆና የምትታየን እንዴት ነው? ሁለቱን ንፍቀ አንጎሎች የሚያገናኝ ኮርፐስ ካሎሰም የሚባል ወፍራም የነርቭ ክሮች ጥቅል አለ፤ በውስጡ 200 ሚሊዮን ያህል ክሮች እንዳሉ ይገመታል፤ የእይታ መረጃ የሚተላለፈውም በዋነኛነት በኋለኛው ጫፉ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 አካባቢ በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ ዊልያም ቫን ዋግነን የተባለ ቀዶ ሐኪም፣ የሚጥል በሽታ ከአንዱ ንፍቀ አንጎል ወደ ሌላው እንዳይዛመት በማሰብ ይህን ጥቅል መቁረጥ ጀምሮ ነበር። ታማሚዎቹን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የመረመራቸው አንድሩ አኬላይቲስ ይህ ነው የሚባል ለውጥ ሊያገኝባቸው አልቻለም። ይህን ያህል ክር ተቆርጦ ምንም አለመታየቱ ግራ አጋቢ ነበር። ምክንያቱ የታወቀው ዘግይቶ ነው፤ ሰው በዕለት ኑሮው ዓይኑን ያለማቋረጥ ስለሚያንቀሳቅስ ሁለቱም ንፍቀ አንጎሎች እያንዳንዱን ነገር ተራ በተራ ያገኙታል፣ መለያየታቸውም ይሸፈናል።

መሸፈኛውን ያነሡት በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ሮጀር ስፐሪና ተማሪያቸው ማይክል ጋዛኒጋ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 ፊሊፕ ቮግልና ጆሴፍ ቦገን በሎስ አንጀለስ አንድ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘማች የነበረ ታማሚ ይህንኑ ጥቅል የመቁረጥ ቀዶ ሕክምና አደረጉለት፤ በሳይንስ ጽሑፎች ደብልዩ. ጄ. በሚሉ ፊደላት ብቻ ይታወቃል። ፈተናው ይህን ይመስል ነበር፦ ታማሚው በሰሌዳ መሃል ባለ ነጥብ ላይ ዓይኑን ይተክላል፤ ከዚያ ምስሉ ከነጥቡ በግራ ወይም በቀኝ በኩል፣ ዓይን ዞሮ ሊይዘው ከሚችለው ጊዜ ባነሰ ፍጥነት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ምስሉ በቀኝ ሲታይ ታማሚው የታየውን ነገር ስም ያለ ችግር ይናገራል፤ መረጃው የደረሰው በብዙ ሰው ዘንድ የንግግር ባለቤት ወደሆነው ግራ ንፍቀ አንጎል ነውና። በግራ ሲታይ ግን ምንም አላየሁም ይላል። እንዲህ እያለም ግራ እጁ ብርሃን ማየቱን የሚያመለክተውን ቁልፍ ይጫናል። በኋላ የተፈተኑ ታማሚዎችም አላየንም ያሉትን ዕቃ በግራ እጃቸው ዳስሰው ከሌሎች መካከል ለይተው ያወጡ ነበር። ቀኙ ንፍቀ አንጎል አይቷል፣ ተረድቷል፣ ለግራ እጅም ትእዛዝ ሰጥቷል፤ የጎደለው አፍ ብቻ ነው። ስፐሪ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ የሽልማቱን ሌላ ግማሽ የተካፈሉት ከላይ ያነሣኋቸው ሂዩበልና ዊዝል ነበሩ።

ከእነዚህ ፈተናዎች ሁሉ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ጋዛኒጋ ከጆሴፍ ለዱ ጋር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያደረገው ነው። ለአንድ ወጣት ታማሚ በቀኝ መስክ የዶሮ እግር፣ በግራ መስክ ደግሞ በበረዶ የተሸፈነ ቤት አሳዩት፤ ከዚያም ካየኸው ጋር የሚሄደውን ሥዕል ምረጥ አሉት። ቀኝ እጁ ዶሮን፣ ግራ እጁ አካፋን መረጠ። ሁለቱም ምርጫዎች ትክክል ነበሩ፤ አካፋው ለበረዶው ነው። ለምን እንደመረጠ ሲጠየቅ ግን የዶሮ እግር ከዶሮ ጋር እንደሚሄድ፣ አካፋው ደግሞ የዶሮውን ቤት ለማጽዳት እንደሚያስፈልግ ያለ አንዳች መጠራጠር ተናገረ። ተናጋሪው ግራ ንፍቀ አንጎል በረዶውን አላየም፤ ስለማላውቀው ነገር አትጠይቁኝ ማለት ሲችል፣ እጁ የሠራውን አይቶ አሳማኝ ምክንያት ፈጠረለት። ወጣቱ አልዋሸም፤ የተናገረውን ከልቡ ያምን ነበር። ጉዳዩ ከእይታ አልፎ ስለራሳችን የምንሰጠውን ማብራሪያ ሁሉ የሚነካ ይመስለኛል።

ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ በአንድ ራስ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ ብሎ መደምደም ጥንቃቄ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ያየር ፒንቶና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ኮርፐስ ካሎሰማቸው የተቆረጠ ሁለት ታማሚዎች፣ ነገሩ በየትኛውም መስክ ቢታይ፣ መታየቱንና ያለበትን ቦታ በየትኛውም እጃቸው ሆነ በቃላቸው ማመልከት መቻላቸውን አሳይቷል። በግራና በቀኝ የታዩትን ሁለት ነገሮች እርስ በርስ ማነጻጸር ግን አልሆነላቸውም። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

ቀዶ ሕክምና ሳይኖር፣ ያውም ከስፐሪ ብዙ ዘመን ቀደም ብሎ፣ ተፈጥሮ ራሷ ያደረገችው አንድ ፈተና አለ። እ.ኤ.አ. በ1887 በፓሪስ የሚኖር የተማረ፣ ከሥራ የተገለለ ነጋዴ ድንገት ማንበብ ተሳነው። ቃላትን ቀርቶ ነጠላ ፊደላትን እንኳ መለየት አቃተው። ይናገራል፣ ይሰማል፣ ሰዎችንና ዕቃዎችን ያውቃል፣ ቁጥርም ይለያል። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ ሲነገረው ይጽፋል፣ ከራሱም ይጽፋል፤ የጻፈውን ግን መልሶ ማንበብ አይችልም። የፊደሉን ቅርጽ በጣቱ ሲከተል ግን ያውቀዋል። ዡል ደዠሪን የተባለው የነርቭ ሐኪም ሲመረምረው የቀኝ የእይታ መስኩም እንደተጎዳ አገኘ፤ ታማሚው በ1892 ካረፈ በኋላ አንጎሉን ሲመለከት ጉዳቱ በግራ ንፍቀ አንጎል የኋላ ክፍልና በኮርፐስ ካሎሰም የኋላ ጫፍ ላይ ነበር። ነገሩ ያኔ ተፈታ። ሰውየው የሚያየው በቀኝ ንፍቀ አንጎሉ ብቻ ሆኗል፤ የታየው ፊደል ወደ ግራው የቋንቋ ክፍል የሚሻገርበት መንገድ ደግሞ ተቆርጧል። ለመጻፍ የሚያስፈልገው ግን ሁሉ በግራ በኩል በደህና ተቀምጧል።

ንባብ በእይታ ክፍፍል ላይ ያለው ኃይል ከዚህም ይሰፋል። ሎራን ኮኸንና ስታኒስላስ ደሃን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ሥራ፣ በግራ ንፍቀ አንጎል ታችኛው ክፍል የተጻፈ ቃልን ለይቶ የሚያውቅ ቦታ እንዳለ አሳይተዋል፤ ቦታው እንደ ዕብራይስጥና እንደ ዐረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ በሚነበቡ ቋንቋዎችም ቢሆን በግራ በኩል ይገኛል። ይህ ቦታ ሰው ሲወለድ ለፊደል ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ አይደለም፤ ጽሕፈት በሰው ታሪክ ውስጥ እጅግ አዲስ ነገር ነውና። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የእነ ደሃን ጥናት በብራዚልና በፖርቱጋል የሚኖሩ ማንበብ የማይችሉ፣ በልጅነታቸው የተማሩና በጉልምስና የተማሩ ሰዎችን አንጎል አነጻጽሮ፣ ንባብ የተማረ ሰው በዚያ የግራ ቦታ ለፊደል የሚሰጠው ምላሽ እንደሚያድግ፣ በዚያው ስፍራ ለሰው ፊት የሚሰጠው ምላሽ ግን በመጠኑ እንደሚቀንስና ወደ ቀኝ ንፍቀ አንጎል እንደሚያደላ አገኘ። በጉልምስና የተማሩትም ቢሆኑ ለውጡ ታይቶባቸዋል። ይህን ሳነብ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩት እናቶችና አባቶች ትዝ አሉኝ። በማታ ትምህርት «ሀ ሁ»ን ሲለዩ በአንጎላቸው ውስጥ ተመሳሳይ መደላደል ይካሄድ እንደነበር ማሰብ ለዚያ ሥራ ያለኝን አክብሮት ይጨምርልኛል።

የሰውን ፊት የመለየት ሥራ ደግሞ በተለይ በቀኝ ንፍቀ አንጎል ይከናወናል። በቀኝ ንፍቀ አንጎል ታችኛው ክፍል ያለውን የፊት መለያ ቦታ ናንሲ ካንዊሸርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1997 በስፋት አሳውቀዋል፤ ቦታው በግራም አለ፣ ግን በብዙ ሰው የቀኙ ይበረታል። ይህ አካባቢ የተጎዳበት ሰው የቅርብ ዘመዱን ፊት እያየ ማን እንደሆነ ሳያውቅ ድምፁን ሲሰማ ወዲያው ሊለየው ይችላል። ሌላው ልዩነት ጠቅላላውን ከዝርዝሩ የሚለይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ዲን ደሊስና ባልደረቦቹ ከብዙ ትንንሽ ፊደላት የተሠራ አንድ ትልቅ ፊደል አሳይተው ታማሚዎች ከትውስታ እንዲሥሉት ሲጠይቁ፣ ቀኝ ንፍቀ አንጎላቸው የተጎዳባቸው ትንንሾቹን በተበተነ ሁኔታ፣ ግራው የተጎዳባቸው ደግሞ ትልቁን ቅርጽ ያለ ትንንሾቹ ሣሉ።

ከዚህ ዓይነቱ ግኝት ነው «እርሱ የቀኝ አንጎል ሰው ነው፣ እርሷ የግራ አንጎል ሰው ናት» የሚለው ወሬ የተወለደው። የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 የ1,011 ሰዎችን የአንጎል ምስል መርምረው፣ አንድ ሰው በጠቅላላው አንዱን ንፍቀ አንጎል አብልጦ እንደሚጠቀም የሚያሳይ ምልክት አላገኙም። የየሥራው ክፍፍል እውነት ነው፤ ሰዎችን በዚያ መመደብ ግን መሠረት የለውም። በተለይ ልጆችን «ቀኝ አንጎል ነህ፣ ሒሳብ ይቅርብህ» በሚል ምክር መምራት ጉዳት እንዳለው አምናለሁ።

በመጨረሻ ስለ እይታ ሳይሆን ስለ ትኩረት ክፍፍል አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሄሚያኖፕያ ጋር እየተምታታ ብዙ ቤተሰብን ያስቸግራልና። ቀኝ ንፍቀ አንጎላቸው፣ በተለይ ከጆሮ በላይ ወደ ኋላ ያለው ክፍል የተጎዳባቸው አንዳንድ ሰዎች ዓይናቸውም የእይታ መስካቸውም ደህና ሆኖ ሳለ የግራው ዓለም ለእነርሱ የሌለ ያህል ይሆናል። ግራ ፊታቸውን ሳይላጩ ይቀራሉ፤ ሰዓት ሣሉ ቢባሉ ቁጥሮቹን ሁሉ በቀኝ በኩል ያጨናንቋቸዋል። ሄሚያኖፕያ ያለበት ሰው ጉድለቱን ሲረዳ ራሱን አዙሮ ይፈልጋል፤ እነዚህ ግን የጎደለ ነገር እንዳለ አይሰማቸውም። ጣሊያናውያኑ ኤዶዋርዶ ቢሲያክና ክላውዲዮ ሉዛቲ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ሥራ እንዲህ ያሉ የሚላኖ ታማሚዎች የከተማቸውን ታላቅ የካቴድራል አደባባይ በሐሳባቸው እንዲገልጹ ጠየቁ። ከካቴድራሉ ትይዩ ቆማችኋል ሲባሉ በቀኛቸው ያሉትን ሕንጻዎች ብቻ ጠሩ፤ አሁን ከካቴድራሉ ደጃፍ ቆማችሁ ወደ አደባባዩ ተመልከቱ ሲባሉ ቅድም የዘለሏቸውን ጠርተው ቅድም የጠሯቸውን ዘለሉ። ትውስታቸው ሙሉ ነበር፤ ወደ ግራ መዞር ያቃተው ትኩረታቸው ነው። ጉዳቱ በቀኝ ሲሆን የሚከፋበት ምክንያት፣ በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት ባለው ማብራሪያ፣ ግራ ንፍቀ አንጎል በዋናነት የቀኙን ስፍራ ብቻ ሲከታተል ቀኙ ግን ሁለቱንም ስለሚከታተል ነው።

የሕክምና መጻሕፍት የዚህ ችግር ምልክት አድርገው የሚጠቅሱት ታማሚው ከሳህኑ ላይ የቀኙን ግማሽ ብቻ በልቶ መነሣቱን ነው። በእኛ ቤት ይህ ምልክት በቀላሉ እንደሚሸሸግ ልብ ማለት ይገባል። በአንድ ገበታ ስንቀርብ ሁሉም የሚበላው ከፊት ለፊቱ ነው፤ ወጥ የሚያወጣ አለ፣ የሚያጎርስም አለ፤ ስለዚህ የታማሚው ግራ በኩል ባይነካ ማንም አያስተውልም። ጥርጣሬ ካለ ምግቡን ለብቻ በሳህን አቅርቦ ማየት ይጠቅማል።

ማንበብ የሚወዱ ታማሚዎች ለምን እንደተቸገሩ ለማስረዳትም ይኸው ዕውቀት ያገለግላል። እንግሊዝኛን በመሰለ ከግራ ወደ ቀኝ በሚነበብ ጽሑፍ አንባቢ በአንድ አፍታ ዓይኑ ካረፈበት ፊደል በስተግራ ሦስት ወይም አራት፣ በስተቀኝ ግን እስከ 15 የሚደርሱ ፊደላትን ይጠቀማል፤ ዕብራይስጥ ሲያነብ ይህ ማድላት ወደ ግራ እንደሚዞር ሁለቱንም በሚያነቡ እስራኤላውያን ላይ እ.ኤ.አ. በ1981 ታይቷል። አማርኛም ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚነበብ ቀኝ መስኩን ያጣ አንባቢ ቀጣዩን ቃል አስቀድሞ ስለማያይ ንባቡ ይንቀረፈፋል፤ በእስራኤል የሚኖር ወገናችን ግን ዕብራይስጡን ይበልጥ ተቸግሮ የሚያነበው ግራውን ሲያጣ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ይቻላል። ግራ መስኩን ያጣ የአማርኛ አንባቢ ዋና ችግሩ አንዱን መስመር ጨርሶ የሚቀጥለውን መጀመሪያ ማግኘት ነው። ለዚህ የሚረዳው በገጹ ግራ ኅዳግ ላይ ከላይ እስከ ታች ደማቅ ቀይ መስመር ማስመር፣ ወይም ግራ እጅን በኅዳጉ ላይ አስቀምጦ አመልካች ጣትን በየመስመሩ ዝቅ ማድረግ ነው፤ አንባቢው ቀዩን መስመር ወይም ጣቱን እስኪያይ ድረስ ዓይኑን ወደ ግራ ይመልሳል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ንባቡን ይቀጥላል።